ተነሺና አስነሺ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ቃል በአማርኛችን ውስጥ ሥር ሰድዷል፤ «የልማት ተነሺ» የሚል። በመግለጫው አለ፣ በዜናው አለ፣ በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ራሱ ሳይቀር «እኔ ተነሺ ነኝ» ይላል። ቃሉ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን ሰዋስው የተማረ ሰው ለአፍታ ቆም ብሎ ይመርምረው። ተነሺ ማለት የሚነሳ ማለት ነው፤ ከእንቅልፉ የሚነሳ፣ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ በገዛ እግሩ ቆሞ የሚሄድ። ድርጊቱን የሚፈጽመው ራሱ ነው። «ተፈናቃይ» ብንል «ማን አፈናቀለው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ተባራሪ» ብንል አባራሪ ይፈለጋል። «ተነሺ» ስንል ግን ነገሩ ያልቃል፤ ሰውየው ተነሳ፣ ሄደ፣ በቃ። አማርኛ «አስነሺ» የሚል ቃል ማውጣት አያቅተውም። እኔ ግን ይህን ቃል በአንድም መግለጫ ላይ አይቼው አላውቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የጠፋ አስነሺ መፈለግ ነው። ፍለጋው ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ይጀምር ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ ብቻ የሚቆም አይደለም። እኛ ውጭ አገር የምንኖር፣ ተማርን የምንልና በየመድረኩ ስለ አገር የምንከራከር ሰዎች ደጃፍም ይደርሳል።

እንግሊዝኛው ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል አለው። ሩት ግላስ የተባለች የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች በመካከለኛው መደብ ሰዎች እጅ ሲገቡ አይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጀንትሪፊኬሽን» አለችው። ቃሉ የተሠራው ከ«ጀንትሪ» ነው፤ ወደ እኛ ብናመጣው ባላባት ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ልብ በሉ፤ የእንግሊዝኛው ቃል የሚጠራው የሚገባውን ሰው ነው። የእኛ ቃል የሚጠራው ደግሞ የሚወጣውን ነው። የእነሱ ቃል ከምሁር ወቀሳ የተወለደ ነው፤ የእኛ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ። በእኛ ቃል ውስጥ የሚገባው ሰው ስምም መልክም የለውም።

ለመሆኑ በአዲስ አበባ ጉዳይ ከሊቶኒያ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ምን አግብቶት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊቶኒያ ከአትላንታ መሀል በስተምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ከግሪክኛው «ድንጋይ» የመጣ ነው፤ በድንጋይ ካባ የኖረች ከተማ ናት። ራሷ ከተማዋ ከሦስት ሺህ ያነሰ ሕዝብ ቢኖራትም በስሟ አድራሻ የሚጠቀመው አካባቢ እጅግ ይሰፋል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ስቶንክረስት የሚባል ራሱን የቻለ ከተማ ሆኗል። የእኛ ሰው በዚህና በክላርክስተን፣ በስቶን ማውንቴን፣ በዲኬተር ተሰራጭቶ ይኖራል። ለምን እዚህ ተባለ? መልሱ አጭር ነው። አቅማችን የቻለው እዚህ ስለሆነ ነው። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከእነሱም መካከል የተሻለ ትምህርት ቤትና ሰፋ ያለ ግቢ ፈልገው በፈቃዳቸው የመጡ አሉ፤ መሀል ከተማው ስለተወደደባቸው የመጡም አሉ። የአትላንታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሕዝቧ 61 በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ከግማሽ በታች ወርዷል። እንግዲህ ከከተማ መሀል የሚገፋ ሰው የት እንደሚደርስ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገኝም፤ የምኖረው በመድረሻው ላይ ነው።

አትላንታ በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አላት። በ1930ዎቹ ከጆርጂያ ቴክ አጠገብ የነበረ የድሆች ሰፈር ተጠርጎ በ1936 ቴክውድ ሆምስ ተሠራ፤ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተሠራ የመጀመሪያው የአሜሪካ የሕዝብ መኖሪያ መንደር ነው። ከተጠረገው ሰፈር ነዋሪዎች ጥቁሮች ነበሩበት፤ አዲሱ መንደር ግን ለነጮች ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ በተርሚልክ ቦተም የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ፈርሶ ቦታው የከተማው የስብሰባና የቴአትር አዳራሽ ሆነ። በሰመርሂልና በአካባቢው ያለው ቤት ተነስቶ በ1965 ስታዲየም ተከፈተ፤ ያ ስታዲየም ራሱ በ1997 ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ሰፈር ፈርሶ ስታዲየም፣ ስታዲየም ፈርሶ መኪና ማቆሚያ! የ1996 ኦሎምፒክ ሲቃረብ ደግሞ ተራው የቴክውድ ሆነና እሱም ፈረሰ። እስከ 2011 ድረስ ከተማዋ ትልልቆቹን የሕዝብ መኖሪያ መንደሮቿን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አፍርሳለች። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ሰፈሩ ቆሽሿል፣ አርጅቷል፣ ወንጀል በዝቶበታል የሚል። ምክንያቱ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነት ነበር። ነገር ግን ቤቱ ሲያረጅ ባለቤቱ ማን ነበር የሚለውን ጥያቄ ማንም አያነሳውም። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የተሻለ ሐሳብ ነበር፤ ቤልትላይን ይባላል። ራያን ግራቬል የተባለ የጆርጂያ ቴክ ተማሪ በ1999 በማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ፣ ከተማዋን ዙሪያውን የሚከቡ አሮጌ የባቡር ሐዲዶች ተያይዘው 22 ማይል የሚረዝም የእግር መንገድ፣ መናፈሻና የባቡር መስመር እንዲሆኑ አሳሰበ። የማስተርስ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው የምናውቀው፤ የእሱ ግን ከተማ ለወጠ። ሥራው ሲጀመር በ5,600 የሚቆጠሩ በአነስተኛ ገቢ የሚደረስባቸው ቤቶች አብረው እንደሚሠሩ ቃል ተገባ። መንገዱ አማረ፤ በግራ በቀኙ ያለው የቤት ዋጋ ግን ከመንገዱ ቀድሞ ሮጠ። በ2016 ግራቬል ራሱ፣ ለነዋሪው የቤት ዋጋ ጉዳይ በቂ ትኩረት አልተሰጠም በማለት ከፕሮጀክቱ አጋር ድርጅት ቦርድ ለቀቀ። የሐሳቡ አባት ከገዛ ሐሳቡ ጠረጴዛ ተነሳ ማለት ነው። በእኛ አገር አንድ ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ቢያደርግ ምን ይባል እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ሰውን ከቤቱ የሚያወጣው ቡልዶዘር ብቻ አይደለም። አጠገቡ መናፈሻ ሲሠራ የቤቱ ግምት ይጨምራል፤ ግምቱ ሲጨምር የንብረት ግብሩ ይጨምራል፤ በጡረታ የምትኖር አሮጊት ግብሩ ሲከብዳት ትሸጣለች። ተከራይ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ያጥራል። በጆርጂያ ሕግ ከተሞች በግል ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ተከልክለዋል። ከቤት የማስወጣት ክስ የደረሰው ተከራይ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሰባት ቀን ነው። ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በኋላ ደግሞ ትልልቅ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች በአትላንታ ዙሪያ ባንክ የወረሳቸውን ቤቶች በብዛት ገዝተው አከራዮች ሆኑ። በሊቶኒያ መንገዶች ዳር በየምሰሶው የተለጠፈው «ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚለው ወረቀት የዚሁ ጉዳይ ጭራ ነው። ማንም በግድ አላወጣህም ይባላል። ፈርመህ ወጣህ። እዚህም «ተነሺ» ነህ።

አሁን ወደ ሸገር እንሻገር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሯ ከመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነው የበቀለው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው ስም ምስክር ነው። ጌታውና ሎሌው፣ ነጋዴውና እንጨት ለቃሚዋ በአንድ አጥር ተጎራብተው ኖሩ። ካዛንቺስ እንኳ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ምሕጻረ ስም ነው፤ ባዕድ ለባዕድ ያቀደውን ሐበሻው ወርሶ ሰፈር አደረገው። ድሃና ሀብታም በአንድ ጉልት መገበያየቱ፣ በአንድ ዕድር መቀባበሩ ዓለም ዛሬ በብዙ ገንዘብ ሊፈጥረው የሚደክምበት ነገር ነው። አትላንታ ቴክውድን አፍርሳ በቦታው ሴንተኒያል ፕሌስን ስትሠራ «ድሃና ባለ ገንዘብ አብረው የሚኖሩበት» ብላ ነው የኮራችበት። ይህ በእኛ አገር ያለ ዕቅድ ነበረን።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አውጥቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኞቹ የኪራይ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ሆነ፤ ድሃው እፎይ አለ። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ብር ውስጥ ጣሪያ የሚያስጠግን ገንዘብ አልተረፈም። ተከራዩም ቤቱ የእሱ ስላልሆነ እንደ ልቡ ሊያድስ አልቻለም። ክረምት መጣ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ማገሩ በሰበሰ፤ ሽንት ቤቱ ለዐሥር አባወራ አንድ ሆነ። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ አርባ ዓመት ያልተጠገነ የጭቃ ቤት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እንግዲህ ቀደም ብዬ ያቆየሁት ጥያቄ ይኸው። ቤቱ ሲያረጅ ባለቤቱ ማን ነበር? ቀበሌ ነበር፤ መንግሥት ነበር። ባለቤቱ ቤቱን ሳይጠግን ኖረና በመጨረሻ «ይህ ቤት ለሰው ልጅ አይሆንም» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቅጣቱን የተቀበለው ተከራዩ ነው። በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የባለቤት ጥፋት በተከራይ ላይ የሚወራረደው?

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሊዝ ሥርዓት መጣ። የሊዝን ሒሳብ አስተዋይ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በመሀል ከተማ ያለ መሬት የቀበሌ ተከራይ ሲኖርበት ለከተማው የሚያስገባው ሳንቲም ነው። ያው መሬት ባዶ ሆኖ በሊዝ ሲተላለፍ የሚያስገባው ሚሊዮን ነው። መሬቱን የሚያስተዳድረው፣ ዋጋውን የሚቀበለው፣ ነዋሪው እንዲነሳ የሚወስነው፣ አቤቱታውን መጀመሪያ የሚሰማው ያው አንድ አስተዳደር ነው። ሻጭም እሱ፣ ዳኛም እሱ። ይህ በአንድ ከንቲባ ክፋት ወይም ደግነት የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ኢሕአዴግ በነበረ ጊዜ ልደታ ፈርሷል፣ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ፈርሷል። ኢሕአዴግ ከሄደ በኋላም በኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈርሷል። መንግሥት ተለውጧል፤ ሒሳቡ አልተለወጠም።

ፍትሐዊ እንሁን። የእግረኛ መንገዱ ተሠርቷል፤ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ ዛፍ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ጭቃ ቦክቶ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው በዚህ አይሳለቅም። ለተነሱትም ኮንዶሚኒየምና የቀበሌ ምትክ ቤት የተሰጣቸው አሉ፤ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ገላን ጉራ በተሠራው መንደር ገብተዋል። በሌላ በኩል በኤፕሪል 2025 አምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ፣ ምክክርና ካሳ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች እንዳሉ ገልጾ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ጠይቋል። ስለዚህ የእኔ ክርክር «ቤት ተሰጣቸው ወይስ አልተሰጣቸውም» በሚለው ላይ አይደለም። ቤት ለተሰጠውም ሰው ሒሳቡ ጎደሎ ነው ነው የምለው።

አንድ ሕንፃ ስናሰላ ሁለት ጭነት እንቆጥራለን፤ የሕንፃው የራሱ ክብደትና በውስጡ የሚገባ የሚወጣው ሰውና ዕቃ ክብደት። ሁለተኛውን የዘነጋ መሐንዲስ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሰፈር ሒሳብ ሲሠራ ግን የሚቆጠረው ግድግዳው ብቻ ነው፤ ስንት ካሬ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት በር። የሚገባ የሚወጣው ሰው ዋጋ ዜሮ ነው።

የቅርብ ዘመዴ የሆነች አንዲት እናት መሀል ከተማ በቀበሌ ቤት ውስጥ እንጀራ ጋግራ በአቅራቢያዋ ላሉ ምግብ ቤቶችና ቢሮዎች ታቀርብ ነበር። ሰፈሯ ፈርሶ ከከተማው ዳር ምትክ ቤት አገኘች። አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይሻላል፤ ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ይህን ራሷም አትክድም። ነገር ግን ደንበኞቿ አልተከተሏትም። እንጀራዋን ጭና ወደ መሀል ከተማ ለመመለስ የምትከፍለው ትርፏን ይበላዋል። ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት ባለወፍጮ ቀረ። ስትታመም ምጣዷን ተቀብላ የምትጋግርላት ጎረቤት ሌላ ቦታ ደርሷታል። ሃያ ዓመት የከፈለችበት ዕድር አባላቱ በአራት አቅጣጫ ተበትነው ድንኳኑን ማን ይያዝ እየተባባሉ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ጌጥ ነው፤ ለእሷ ግን የጤና መድን፣ የብድር ተቋምና የጡረታ ገንዘብ ነበር። ይህ ሁሉ በምትክ ቤቱ ርክክብ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

አንባቢ ይህ የናፍቆት ወሬ ነው ሊለኝ ይችላል። አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለንብረት ከሚከፈለው ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳን በስም አስገብቷል። ሕግ አውጪው የጎረቤትን ዋጋ ዜሮ አይደለም ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። ነገር ግን ካሳ ለማን የሚለው ላይ ስንደርስ ባለይዞታው ቀድሞ ይቆማል። ከቀበሌ ተከራዩ ላይ አንዲት ክፍል የተከራየችው፣ ደባል ሆና የምትኖረው፣ በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላው ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ «ተነሺ» የሚለው ስም እንኳ አይደርሳቸውም። ያለ ስም ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስገርመኝን ነገር ላንሳ። እኔ ከምኖርበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት ቢነዳ ኦልባኒ የምትባል የጆርጂያ ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ እ.ኤ.አ. በ1969 ጥቁር ገበሬዎችና የመብት ታጋዮች «ኒው ኮሙኒቲስ» የሚል ማኅበር መሥርተው ከ5,000 ኤከር በላይ መሬት በጋራ ገዙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መሬቱ የጋራ ይሆናል፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ቤቱና ምርቱ የግል ነው። ማንም መጥቶ በገንዘብ እንዳያስነሳቸው ነበር ዓላማው። ማኅበሩ በ1985 መሬቱን በዕዳ አጣ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ አሜሪካ ውስጥ የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ የሚባሉት ድርጅቶች ሁሉ ከዚያ የተቀዱ ናቸው። አትላንታም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የራሷ አላት። እነዚህ ሰዎች አንድ ጋሻ የማታህል መሬት ከገበያ ለማውጣት ዓመታት ይለፋሉ፣ ገንዘብ ይለምናሉ።

እኛስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ተብሎ ተጽፏል። የጆርጂያ ጥቁሮች የተመኙት ነገር በእኛ አገር ሕግ ከሆነ ስንት ዘመኑ! መሬቱ የሕዝብ ከሆነ በላዩ ያለውን ድሃ ከገበያው ለመጠበቅ ከእኛ የተሻለ አቅም ያለው አገር አልነበረም። እዚያው ሰፈር ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየሠሩ፣ ነዋሪውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ እያዛወሩ፣ በመጨረሻ በቀድሞ ቦታው ማስገባት በምሕንድስናም በገንዘብም የሚቻል ነው። መሬቱን ለመግዛት የሚወጣ ወጪ የለም፤ ትልቁ ወጪ እሱ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሕዝብ ይዞታነቱ ነዋሪውን ለመከላከል ሳይሆን በቀላሉ ለማስነሳት ዋለ። የአትላንታዋ አሮጊት ቢያንስ የምትሸጠው ነገር አላት፤ ፈርማ ስትወጣ ቼክ ይዛ ትወጣለች። የካዛንቺሷ የቀበሌ ተከራይ የምትፈርመው የምትሸጠው ሳይኖራት ነው። የግል ገበያን ጭካኔና የመንግሥት ይዞታን ጭካኔ አንድ ላይ አደባልቀን፣ የሁለቱንም ጥበቃ ትተነዋል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በዚህ ጉዳይ የውጭ ነዋሪው ምሁር በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንዱ ወገን የመብራቱን ፎቶግራፍ እያሳየ «ዱባይን መሰለች» ይላል። ሌላው ወገን «ታሪክ ጠፋ፣ ቅርስ ወደመ» እያለ ያለቅሳል። የሁለቱን ክርክር ስከታተል የማየው፣ ማን በየትኛው ጎራ እንደሚሰለፍ የሚወስነው ሰፈሩ ሳይሆን በሥልጣን ላይ ማን አለ የሚለው መሆኑን ነው። ልደታ ሲፈርስ የጮኸው ፒያሳ ሲፈርስ ዝም ይላል፤ ልደታ ሲፈርስ ያጨበጨበው ፒያሳ ሲፈርስ ይጮኻል። ደግሞም ሁለቱም ጎራ የሚያወራው ስለ ሕንፃ ነው። አንዱ ስለ አዲሱ፣ ሌላው ስለ አሮጌው። የእንጀራ ጋጋሪዋ ነገር በሁለቱም ዘንድ የለም።

ከሁለቱ ጎራዎች ሰዎች ግን በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ በሪል እስቴት ሽያጭ አዳራሽ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ በአገሩ ቤት እንዲኖረው ፈቅዷል፤ መልካም አዋጅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላራችን ጉልበት በብር ሲመነዘር አብጧል። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ለባዕድ ዜጋም በሩን የሚከፍት አዋጅ አጽድቋል። አፓርታማው ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ጄኔሬተርና የመኪና ማቆሚያ እንዳለው እንጠይቃለን። በሪል እስቴት ላይ የምናሰማው እሮሮም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ «ገንዘቤን በሉኝ፣ ቤቴን በጊዜው አላስረከቡኝም» የሚል። እሮሮው እውነተኛ ነው፤ ብዙ ወገን ላቡን ተበልቷል። ነገር ግን ቤቱ በጊዜው ቢረከብ ኖሮ ሒሳቡ ይዘጋ ነበርን? ሕንፃው የቆመበት መሬት ላይ ትናንት ማን ነበር?

ያ ስም የሌለው ገቢ፣ በእኛ ቃል ውስጥ የጠፋው ባላባት፣ እንግዲህ እዚህ ቁጭ ብሏል። በዶላር የሚከፍል፣ በዓመት አንድ ወር የሚኖርበት፣ ቀሪውን ጊዜ ለውጭ ድርጅት ሠራተኛ የሚያከራይ ሰው ነው። በክላርክስተን ወይም በሊቶኒያ ኪራይ ሲጨመርበት «ጉድ ፈላ» የሚለው እሱ ነው፤ ቦሌ ያለውን ቤት ኪራይ የሚጨምረውም እሱ ነው። አስነሺው የከተማው አስተዳደር ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዥ ሲያጣ ይቆም ነበር። ገዥ አለው።

ይህን የምለው ማንም በአገሩ ቤት አይኑረው ለማለት አይደለም። ለእናቱ ቤት የሚሠራ ሰው የተባረከ ነው። የምለው ገዥ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱን ለጄኔሬተርና ለመዋኛ ገንዳ ብቻ አያውለው ነው። ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። በዚህ ቦታ ላይ ስንት አባወራ ነበር? ዛሬ የት ናቸው? ከሚሠራው ሕንፃ ውስጥ ተመልሰው የሚገቡበት ድርሻ አለ ወይስ የለም? ሻጩ መልስ ከሌለው ገንዘቡን ይዞ ይሂድ፤ ባዶ መሬት ላይ የሚሠራ ሌላ አለ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ይስቁበታል። አንድ ሺህ የዶላር ገዥ ቢጠይቅ ግን ጥያቄው በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ነጋዴ ከሰልፍ ይልቅ ደንበኛን ይሰማል። የሙያ ማኅበሮቻችንም፣ መሐንዲሶቹ፣ አርክቴክቶቹ፣ የሕግ ሰዎቹ፣ ነዋሪውን በቦታው የሚያቆይ የአንድ ሰፈር ዕቅድ ከነወጪው ሠርተው ቢያቀርቡ ከመቶ መግለጫ ይበልጣል። እዚህም የምንኖርበት ካውንቲና ከተማ ስለ መሬት አጠቃቀም ሕዝብ ሲያወያይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ እንሂድና እንቀመጥበት።

እስከዚያው ግን ቢያንስ ቋንቋችንን እናስተካክል። ስንጽፍም ስንናገርም «ተነሺ» ባልን ቁጥር «አስነሺውስ?» ብለን እንጨምር። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ለአፍም ይከብዳል። ይክበድ። እስካሁን የቀለለው ሸክሙ ሁሉ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ስለነበረ ነው።

ቸር ይግጠመን።

ሊቶኒያ፣ ጆርጂያ